የ7 ሳምንት አራስ ነኝ፣ ይደክመኛል፣ ያስለቅሰኛል፤ ስፖርት ልጀምር?

ጥያቄው አጠር ሲል እንዲህ ነው፦ "የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። የመጀመሪያ ልጄ ናት፣ ሴት፣ 7 ሳምንት ሆናት። በምጥ ነው የወለድኳት፣ ትንሽ ተሰፍቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ይደክመኛል። ማታ ማታ ደግሞ ያለ ምክንያት እንባዬ ይመጣል። እናቴ ከቁሉቢ መጥታ እያረሰችኝ ነው፤ ልጅቷ ክርስትና ሳትነሳ እግርሽ ከደጅ አይወጣም ትላለች። ስፖርት ሙድ ያስተካክላል ሲባል ሰምቼ ዩቲዩብ ከፈትኩ፣ ዝላዩ ላይ ስደርስ ሽንቴ አመለጠኝ። አፍሬ ተውኩት። ሰውነቴ ተበላሽቶ ነው ወይስ ስንፍና ነው? ምን ልሥራ?"

እንኳን ማርያም ማረችሽ! ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። ስንፍና አይደለም። ሰውነትሽም አልተበላሸም። 9 ወር ልጅ የተሸከመ፣ በምጥ የተለጠጠ፣ በላዩም የተሰፋ ጡንቻ በ7 ሳምንቱ ዝለል ሲሉት እምቢ ቢል ምን ይገርማል? ከወለዱ ሦስት እናቶች አንዷ ገደማ ሽንት ያመልጣታል። አብዛኞቹ ግን ትንፍሽ አይሉም፤ ስለዚህ እያንዳንዷ "በእኔ ብቻ የደረሰ" ትላለች።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ የምሠራውም እዚሁ ድሬ ነው። ስለ እንቅስቃሴ ብዙ አወራሻለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ግን ከዚያ በፊት ደምሽ ይታይ።

አራስ ደከመኝ ስትል "እንቅልፍ አጥተሽ ነው" ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። እውነትም እንቅልፍ አጥተሻል። ግን ስትወልጂም ደም ፈሶሻል፣ በእርግዝናሽ ጊዜም ልጅቷ የሚያስፈልጋትን ብረት ከአንቺ ስትወስድ ነው የከረመችው። የደም ማነስ ያለባት ሴት ስፖርት ልሥራ ብትል ይብስባታል። ትንሽ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ ብድግ ስትል ጭው ይልባታል፣ ብትተኛም ድካሙ አይለቃትም። እንዲህ ከሆነብሽ ነገ ዛሬ ሳትይ ጤና ጣቢያ ሂጂና ሄሞግሎቢን አሠሪ። ጠብታ ደም ነው የሚወስዱብሽ። ውጤቱ ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ አለ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ በሚበዛባቸው አገሮች እናቶች ከወለዱ በኋላም ከ6 እስከ 12 ሳምንት የብረት ኪኒን እንዲወስዱ ይመክራል። በእርግዝና ጊዜ ከሰጡሽ የተረፈ ካለ ይዘሽው ሂጂና ጠይቂያቸው።

ኪኒኑን ከቡና ጋር እንዳትወስጂ። አራስ ቤት ቡና እንዴት እንደሚፈላ እናውቃለን፤ ጠዋት አለ፣ ቀን አለ፣ ማታ አለ፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ደግሞ ሌላ ጀበና ይጣዳል። ቡናም ሻይም ብረቱ በደንብ ወደ ደምሽ እንዳይገባ ያደርጋሉ። ሁለት ሰዓት ያህል አራርቂያቸውና ኪኒኑን በሎሚ ወይ በብርቱካን ጭማቂ ዋጪው። ደምሽ ደህና ሆኖ ድካሙ አልለቅ ካለሽ ደግሞ ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት ዕጢሽንም እንዲያዩልሽ ጠይቂ፤ ከወሊድ በኋላ የሚዛባባቸው እናቶች አሉ፣ ድካሙም ሆድ መባሱም ከእሱ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ለቅሶው። ከወለድሽ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን የሚጀምር ሆድ መባስ አለ፣ አብዛኛዋ አራስ ታውቀዋለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይሄዳል። አንቺ ግን 7ኛው ሳምንት ላይ ነሽ። ስለዚህ "አራስ ነኝ፣ ያልፋል" ብለሽ ዝም እንድትይ አልፈልግም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች 19.8 በመቶ፣ ማለትም ከአምስቷ አንዷ ገደማ፣ የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥማታል፤ ዋናው ደግሞ ድባቴ ነው። ኤድንብራ የሚባል 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፣ በ1987 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ፣ እስካሁን የሚሠራበት። ስላለፉት 7 ቀናት ነው የሚጠይቅሽ። የሚያስቅ ነገር ሲገጥምሽ መሳቅ ችለሻል? የምትጓጊለት ነገር አለ? ባላጠፋሽው ራስሽን ትወቅሻለሽ? ከሐዘን የተነሳ እንቅልፍ እምቢ ይልሻል? ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ? ብዙዎቹ ላይ መልስሽ ከከበደሽ ለአዋላጇ ወይም ለሐኪሙ ልክ ለእኔ እንደጻፍሽው ንገሪ። እኔ በተለይ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ልጅቷ ተኝታ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ አንቺም ደክሞሽ እያለ እንቅልፍ እምቢ ይልሻል? አዎ ካልሽ፣ ያ ከተራ የአራስ ድካም ያለፈ ነገር ሊሆን ይችላል።

እንቅስቃሴ ለዚህ ይጠቅማል ወይ? ይጠቅማል። ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ቀላልና መካከለኛ የሆነውን ድባቴ ይቀንሳል፣ እንቅልፍንም ያሻሽላል። ከባዱን ግን ብቻውን አይችለውም። ምክር ወይም መድኃኒት የሚያስፈልጋት እናት "በእግሬ ልሂድና ይለቀኛል" ብላ ወር ብትጠብቅ ወሩን ነው የምታባክነው። ጡት እያጠቡ የሚወሰዱ የድባቴ መድኃኒቶችም አሉ፣ ሐኪሙ ይመርጥልሻል፤ ልጄን ይጎዳብኛል ብለሽ ከወዲሁ አትሽሺ።

እናትሽን በተመለከተ፣ አቦ፣ ከእናትሽ ጋር ልታጣዪኝ ነው! እሳቸው አልተሳሳቱም። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ከባድ እንዳታነሺ መከልከልሽ፣ ሌሊት ልጅቷን የሚቀበልሽ ሰው መኖሩ፣ ይሄ ሁሉ ወርቅ ነው። ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን ነው፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድም 40 ቀን አለ። አንዲት ሴት ብቻዋን ስትወድቅ ስትነሳ እንዳትኖር የተሠራ ደንብ ነው። የምከራከረው ዕረፍትና መተኛት አንድ ሲደረጉ ነው። ከወለድሽ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት እግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋው ከፍ ያለ ነው፣ ተኝቶ መዋል ደግሞ ያባብሰዋል። ሌላው ብርድ ነው። "ብርድ ይገባሻል" ብለው በርና መስኮት ዘግተው፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ በግንቦት! ቁሉቢ ሊያስኬድ ይችላል፤ ድሬ ላይ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ደህና የነበረ ሰውም ይደክመዋል፣ ይጨንቀዋል። መስኮቱን ክፈቺው።

ደንቡን ሳታፈርሺ የምትሠሪው ሞልቷል። ከደጅ አትውጪ ነው የተባልሽው፣ ግቢውና በረንዳው የቤትሽ ናቸው። ደግሞ ልጅቷን ለ6ኛ ሳምንት ክትባት ይዘሽ ወጥተሽ ተመልሰሻል አይደል? ሰማዩ አልተደፋም። እናትሽን ጠዋት በረንዳ ላይ አብረውሽ እንዲቀመጡ አድርጊ። የጠዋት ብርሃን ቀንና ሌሊት ለተምታታበት ሰውነት ይረዳል፣ ለሙድም ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ዩቲዩቡን ለጊዜው ዝጊው። መነሻሽ ሽንት የምትይዢበት ጡንቻ ነው። እሱ ሳይጠነክር ሌላውን ብትደራርቢ ከላይ የሚመጣው ጫና ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል።

በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን አጥፊ፣ እግርሽ መሬት ይርገጥ። በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ ሆድሽ ይነፋ። ትንፋሹን በአፍሽ ስታወጪ መጀመሪያ ከኋላ፣ ሰው መሃል ተቀምጠሽ ፈስ እንዳያመልጥሽ እንደምትይዢው፣ ያዢ። ከዚያ ሳትለቂ ሽንት እንደምትይዢው ወደ ፊት አምጪውና ወደ ውስጥ ወደ ላይ ሳቢው። ሦስት አራት ሰከንድ ያዢ፣ ሙሉ በሙሉ ልቀቂ። መልቀቁን አትርሺ፣ ብዙ ሰው መያዙን ይማርና መልቀቁን ይዘነጋል። መቀመጫሽ ከተጨበጠ፣ ጭኖችሽ ከተጣበቁ፣ ትንፋሽሽን ከያዝሽ ሌላ ጡንቻ ነው የሠራው፤ ቀነስ አድርገሽ እንደገና ጀምሪ። መጀመሪያ ምንም ላይሰማሽ ይችላል፣ በተለይ በስፌቱ በኩል። ግድ የለም፣ በቀናት ውስጥ እየተሰማሽ ይመጣል። የሚያምሽ ከሆነ ግን አቁሚና ስፌቱን አሳዪ።

10 ጊዜ ቀስ ብለሽ፣ ከዚያ 10 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ያዝ ለቀቅ። በቀን ሦስቴ። ቀስ በቀስ አያያዝሽን ወደ 10 ሰከንድ አድርሺው። ትረሺዋለሽ፣ ሁሉም ይረሳዋል፤ ስለዚህ ከማጥባት ጋር እሰሪው፣ ልጅቷ ጡት ስትይዝ አንቺም ያዢ። ሽንት ቤት ተቀምጠሽ ሽንትሽን እያቋረጥሽ ግን አትለማመጂ፣ ፊኛሽን በደንብ እንዳትጨርሺ ያደርግሻል። ሊያስነጥስሽ ሲል፣ ልጅቷን ከአልጋ ልታነሺ ስትይ፣ ቀድመሽ ያዝ አድርጊ። ይሄ ትንሽ ነገር ከሁሉም ቶሎ ለውጥ ያሳየሻል። ሙሉው ውጤት ግን ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል።

ቀጥሎ ሆድሽ። እንደዚያው በጀርባሽ ተኝተሽ ጣቶችሽን እምብርትሽ ላይ አድርጊና ጭንቅላትሽን ብቻ ትንሽ ቀና አድርጊ። መሃል ላይ ጣትሽ ገባ የሚልበት ክፍተት ይሰማሻል። በእርግዝና የሆድ ጡንቻዎች ግራና ቀኝ ስለሚራራቁ ነው፣ ብዙ ጊዜ እስከ 8ኛው ሳምንት ይቀራረባል። ከሁለት ጣት የበለጠ ከቀረ ለባለሙያ አሳዪ። እስከዚያው ተኝቶ ወገብ ቀና ማድረግ የሚሉትን የሆድ ስፖርት እርሺው። ማንኛውንም ነገር ስትሠሪ የሆድሽ መሃል እንደ ድንኳን ጫፍ ሾጠጥ ብሎ ከወጣ ያ እንቅስቃሴ ገና አልደረሰልሽም። ከአልጋ ስትነሺም ቀጥ ብለሽ አትነሺ፤ በጎንሽ ዙሪ፣ እግርሽን አውርጂ፣ በእጅሽ ገፍተሽ ተነሺ።

መቀነቱስ? ላላ አድርገሽ ብትታጠቂው ወገብሽን ደገፍ ያደርግልሻል፣ ደስም ይላል። ጥብቅ አድርጎ መታሰር ግን ሆድ አያጠፋም፤ ጫናውን ወደ ታች፣ ሽንት ወደምትይዢበት ጡንቻ ይገፋዋል። አንቺ ደግሞ እሱ ነው ችግርሽ።

እነዚህን አራት አምስት ቀን ከሠራሽ በኋላ በቆምሽበት የሚሠሩትን ጨምሪ። በሽቲሽ፣ በባዶ እግርሽ፣ በረንዳ ላይ ይበቃል። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ስትነሺ ትንፋሽ እያወጣሽና ከሥር እየያዝሽ፣ 8 ጊዜ። ግድግዳ ተደግፈሽ በክንድሽ ገፋ መለስ፣ 8 ጊዜ። ግድግዳውን ይዘሽ ተረከዝ ማንሳት፣ 10 ጊዜ። ትከሻሽን ወደ ኋላ ማዞር ደግሞ በፈለግሽው ጊዜ፤ ስታጠቢ አንገትሽ ተደፍቶ ስለሚውል ማታ የሚሰማሽ የትከሻ ክብደት ግማሹ ከዚያ ነው። ጡቱን ወደ ልጅቷ አትጎንበሺ፣ ትራስ ከሥሯ አድርገሽ እሷን ወደ ጡትሽ አምጪያት። ከዚያ ግቢ ውስጥ ወዲህ ወዲያ መራመድ፣ 5 ደቂቃ። በቃ።

በቃ ስልሽ ከልቤ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ የወለደች እናት በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ብታደርግ ጥሩ ነው ይላል። ያው መመሪያ ግን በትንሹ ጀምረሽ ቀስ በቀስ ጨምሪ ነው የሚለው፣ ይሄኛውን ዓረፍተ ነገር ማንም አይጠቅሰውም። 150ውን ዛሬ አታስቢው። ያንቺ መለኪያ በማግስቱ የሚሰማሽ ነው። ዛሬ 10 ደቂቃ ሠርተሽ ነገ እንደወትሮው ወይም ቀለል ብሎሽ ከተነሳሽ ልክ ነበር፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ትንሽ ጨምሪ። ነገ አልጋ ላይ ከጣለሽ በዝቶብሻል፣ በግማሽ ቀንሺው። የቆመ ደም እንደገና ደማቅ ቀይ ሆኖ ከመጣም እንደዚያው፣ ሰውነትሽ ዕረፍት እየጠየቀሽ ነው፤ አርፈሽም ካልቆመ ታዪ። እየሠራሽ መናገር ካቃተሽ ደግሞ ፈጥነሻል።

አንድ ቀን ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ካደረች፣ ጠዋት እናትሽ ቢቀበሉሽና ወይ ተኚ ወይ ተንቀሳቀሺ ብትባይ፣ ተኚ። እኔ ስፖርት አሠሪ ሆኜ ነው ይሄን የምልሽ። ከሌሊቱ ውስጥ አራት አምስት ሰዓት ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ማግኘት ከየትኛውም ልምምድ ይበልጣል። አጥብተሽ ልጅቷን ለእናትሽ ወይም ለባልሽ አስረክቢና ሌላ ክፍል ሄደሽ ተኚ። ባልየው "እኔ ምን አውቃለሁ" ካለ ማስገሳትና ጨርቅ መቀየር ዩኒቨርሲቲ አይጠይቅም በይው።

ሰዓቱን ምረጪ። ድሬ ላይ ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ማታ ፀሐይ ከገባች በኋላ። በቀትር አትሞክሪ፣ የሚያጠባ ሰው ውሃ ቶሎ ያልቅበታል። ባጠባሽ ቁጥር ከጎንሽ ብርጭቆ ይኑር። ልክ አጥብተሽ እንደጨረስሽ ብትሠሪ ጡትሽም ቀሎሽ ይመችሻል። ወተቱ ይቀንሳል፣ ይጎመዝዛል የሚሉሽን አትስሚ፤ እንዲህ ያለው ቀላል እንቅስቃሴ ወተቱን አያሳንሰውም፣ ልጅቷንም አይጎዳም።

ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ የድሬ ሰው አይደለሁም። ድካሙን ያነቃልኛል ብላ ከሰዓት ትንሽ ቀንጠስ የምታደርግ አራስ ብዙ አውቃለሁ። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ድብርት ባለው ላይ ይጨመርበታል፣ የቀረችሽን እንቅልፍም ይወስዳል፣ ንጥረ ነገሩ በጡት ወተት ወደ ልጅቷም ያልፋል። አንቺ አትቅሚም ይሆናል፤ ለሚያነቡት ነው።

ልጅቷ ክርስትና ከተነሳች በኋላ ውጪ። ሜዳ ሜዳውን፣ ከዚራ በዛፎቹ ጥላ ሥር ጠዋት ጠዋት በእግር መሄድ ለአንቺ የተሠራ ይመስላል። ከተቻለ ሰው ይዘሽ፣ እህት ይሁን ጓደኛ። ወሬው ራሱ ግማሽ መድኃኒት ነው። ሐረር ሆናችሁ ለምታነቡ፣ አየሩ ይቀላችኋል፣ ግን ጀጎል ውስጥ ዳገት ቁልቁለቱ ስለሚበዛ መጀመሪያ ደልዳላውን ፈልጉ። በኦፕራሲዮን የወለዳችሁ ደግሞ ከላይ ያለውን ሁሉ አዘግዩት፦ መተንፈሱና ቀስ ብሎ መራመዱ ቶሎ ይጀመራል፣ የቀረው ግን ቁስሉ ታይቶ ሐኪም ይሁን ካለ በኋላ። እስከ 6 ሳምንት ከልጃችሁ የከበደ ነገር አታንሱ።

እነዚህን ካየሽ ግን ልምምዱን ሁሉ ትተሽ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስ የሚሞላ ደም፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና ማመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም። ራስሽን ወይም ልጅቷን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ወይም ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማሽ፣ ብቻሽን አትሁኚ፤ ለእናትሽ ንገሪያቸውና አብራችሁ ሂዱ። ድሬ ድል ጮራ ሆስፒታል አለ፣ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ፤ በሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ይጠራ። "ሰው ምን ይለኛል" የሚባልበት ሰዓት አይደለም።

ያ የዝላይ ቪዲዮ ቢያንስ እስከ 12ኛው ሳምንት ይቆይ። 12 ሲሞላ ሲያስነጥስሽም፣ ፈጠን ብለሽ ስትሄጂም ሽንት የማያመልጥሽ ከሆነ ቀስ ብለሽ ሞክሪው። የደም ምርመራውን እስካሁን ካላሠራሽ ደግሞ ልጅቷን ለ10ኛ ሳምንት ክትባት የምትወስጂበት ቀን የመጨረሻው ይሁን፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ሦስት ወር ሠርተሽ አሁንም የሚያመልጥሽ ከሆነ ሪፈር አጽፈሽ ወደ ፊዚዮቴራፒ ነይ። ማፈር የለም፣ ቀኑን ሙሉ የምንሰማው ይሄንኑ ነው።